አልነቀል ያለ የአሮጌ ትራክተር መሪ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው መኸር አንድ አሮጌ ዊል ሆርስ ሲ-120 የሣር ትራክተር ገዛሁ። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹም ይገባል። መሪው ግን ከላይ ይወዛወዛል። ቡሽንጉን (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበትን ቀለበት) ልቀይር ብዬ መሪውን ለመንቀል ተነሳሁ። መሀል ላይ ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ስፈነቅለው ዳዶ የለም! የሚታየው የዛገ የዘንግ ጫፍ ብቻ ነው። ደብልዩ ዲ-40 ረጨሁበት፣ አሳደርኩት። ከሥር በመዶሻ መታሁት። ጉልበቴን ሰብስቤ ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። ፑለር (ስቦ መንቀያ መሣሪያ) ልግዛ ወይስ ቆርጬ ልገላገለው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ሳትቆርጠው ጠየቅክ። ፑለርም አትግዛ። መዶሻውንም ለጊዜው አስቀምጠው። ዳዶ አጣሁ ያልከው ነገር የጥያቄህን ግማሽ ይመልሳል። የአንተ መሪ መጀመሪያውኑ በዳዶ አልታሰረም። በጎን በኩል የመሪውን እምብርት፣ ማለትም ዘንጉ የሚገባበትን መሀለኛ ክፍል፣ እና ዘንጉን ወግቶ የሚያልፍ ፒን ነው የያዘው። እሱ እስካለ ድረስ ብትስበው፣ ብትመታው፣ ወር ሙሉ ዘይት ብታጠጣው አይወጣም። እስካሁን የታገልከው ከዝገት ጋር ብቻ አይደለም። ከጠንካራ ብረት ጋር ነው የታገልከው።

እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው። ዝገቱን ከመውቀስህ በፊት ፋብሪካው መሪውን በምን እንዳሰረው እወቅ። አሮጌ መሪ የሚሰበረው፣ ዘንግ የሚጣመመው፣ የዘንጉ ጥርስ የሚላጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሳይታወቅ ጉልበት ሲገባ ነው።

መሪ ከዘንግ ጋር የሚያያዝባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንዳንዱ ትራክተር ላይ የዘንጉ ጫፍ በዙሪያው ጥርስ አለው። መሪው ጥርሱ ላይ ይገባና ከላይ በዳዶ ይጠብቃል። አንዳንዱ ዘንግ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ ዳዶው መሪውን ቁልቁል እየገፋ ያጣብቀዋል። አንዳንዱ በዘንጉና በእምብርቱ መካከል የተሸጎጠ ትንሽ ቁራጭ ብረትና ከጎን የምትጠብቅ ብሎን አለው። የአንተ ዓይነቱ ደግሞ ቀጥ ያለ ክብ ዘንግ ሆኖ ፒን ያለፈበት ነው። ኩብ ካዴት ወይም ጆን ዲር ትራክተር ያላችሁ ሰዎች ይህን ስታነቡ በቀጥታ እንዳትከተሉ። ክዳኑን አንስታችሁ ዳዶ ካገኛችሁ መንገዳችሁ ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ማሽኑም ትንሽ ልበል፤ ሊደከምለት የሚገባ ማሽን ነውና። ዊል ሆርስ እ.ኤ.አ. በ1946 ሳውዝ ቤንድ፣ ኢንዲያና ውስጥ የፖንድ ቤተሰብ የጀመረው ሥራ ነው። በ1974 የመኪና አምራቹ አሜሪካን ሞተርስ ገዛው፤ በ1986 ደግሞ ወደ ቶሮ ኩባንያ ዞረ። የአንተ ሲ-120 የ1970ዎቹ ሥራ ነው። ሞተሩ 12 የፈረስ ጉልበት ያለው ኮህለር ነው፤ ሲሊንደሩ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ከምታየው ቀላል የሣር ማጨጃ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቅዳሜ ብትሠዋለት አትጸጸትም።

አሁን ወደ ሥራው። ግን ከመጀመርህ በፊት መሪው የግድ መነቀል እንዳለበት እርግጠኛ ሁን። «ይወዛወዛል» ያልከው ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንድ እጅህን ከመሪው ሥር ዘንጉ ላይ አድርግ። በሌላው እጅህ መሪውን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን ግፋው። ዘንጉ ራሱ ከዳሽቦርዱ ቀዳዳ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ቡሽንጉ አልቋል፤ መሪው መነቀል አለበት። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆሞ መሪው ብቻ በላዩ ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፒኑ ቀዳዳ ሰፍቷል። ሁለቱም ካልሆነና መሪው ሲዞር ብቻ ክፍተት የሚሰማህ ከሆነ ችግሩ ከታች ነው። አንድ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ በትንሹ እያወዛወዘ አንተ ከሥር ተኝተህ ተመልከት። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ትንሽ ጥርስ የማራገቢያ ቅርጽ ካለው ትልቅ ጥርስ ጋር ይገናኛል። ክፍተቱ እዚያ ነው? ወይስ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞረው ዘንግ፣ የታይሮዱ፣ ጫፍ ላይ ያሉት ቴስቲናዎች (መጋጠሚያዎች) ናቸው የላሉት? እነዚህን ለማስተካከል መሪ መንቀል አያስፈልግም። መሪውን ነቅለው፣ ቡሽንግ ቀይረው፣ ሲጨርሱ ክፍተቱ እንዳለ ያገኙት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ቡሽንጉ ከሆነ እንቀጥል።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ። የኋላ ጎማዎቹ ሥር እንጨት አስገባ። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ፤ መሪው ላይና ዳሽቦርዱ ላይ በቴፕ ምልክት አድርግ። ስትመልሰው መሪው ተጣሞ እንዳይገባ ይረዳሃል። የቤንዚን ታንኩ የት እንዳለም አሁኑኑ እይ። በብዙ አሮጌ የሣር ትራክተሮች ላይ ታንኩ ኮፈኑ ሥር፣ ከመሪው ዘንግ በጣም ቅርብ ነው። ኋላ እሳት መጠቀም ሊኖርብን ስለሚችል ቅርብ ከሆነ ባዶውን አውርደህ ከጋራዡ ውጪ አስቀምጠው። ይህን ለነገ አትበለው።

ቀጥሎ ፒኑን ፈልግ። የመሪው እምብርት ከሥሩ፣ ወደ ዳሽቦርዱ በሚቀርብበት በኩል፣ አጭር የብረት አንገት አለው። ፒኑ እዚያ ነው። ለምን እንዳላየኸው ይገባኛል። የዓመታት ግራሶ፣ አቧራና የሣር ብናኝ ተጋግሮበታል፤ አንዳንዴ የቀድሞው ባለቤት ቀለም ቀብቶበታል። በሽቦ ብሩሽ አንገቱን ዙሪያውን ፈግፍገው። በጨርቅ ጠርገው። የእጅ ባትሪ በጎን በኩል አብራበት። መሀሉ ክፍት የሆነ ክብ ነገር ይታይሃል፤ በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ቀለበት ይመስላል። ውስጡ በዝገት ከተሞላ ግን ጠፍጣፋ ነጥብ ብቻ ነው የሚመስለው፤ በጥፍርህ ብትዳብሰው ጠርዙ ይሰማሃል። ከዚያ በትክክል ተቃራኒ ባለው ጎን ሌላኛው ጫፉ አለ። ሁለቱንም ካገኘህ አጋማሽ መንገድ ደርሰሃል።

ይህ ሮል ፒን የሚባለው ነው። ከስፕሪንግ ብረት ተጠቅልሎ የተሠራ ቱቦ ነው። ከቀዳዳው ትንሽ ወፍሮ ይሠራና ተጨምቆ ይገባል፤ ውስጥ ሆኖ ለመዘርጋት ስለሚገፋ ነው የሚይዘው። የሚወጣው በመመታት ብቻ ነው። በፒንሳ የሚያዝ ራስም የለውም።

ለመምታት ከቀዳዳው ጥቂት የሚቀጥን ፓንች (ፒን መትቶ ማስወጫ ብረት) ያስፈልግሃል። ለሮል ፒን የተሠራ ፓንች ጫፉ ላይ ትንሽ ጉብታ አለው፤ ጉብታው የፒኑ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ርካሽ ነው፣ ግዛው። ምስማር ወይም አሮጌ ካቻቢቴ አትጠቀም። ጫፉን ታበላሸዋለህ፤ የተበላሸ የፒን ጫፍ ደግሞ እንደ ራስ ሰፍቶ አልወጣ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። የመሪው ዘንግ ረጅምና ቀጭን ነው። በጎን ስትመታው ይርገበገባል፤ ጉልበትህ ፒኑን ከመግፋት ይልቅ ዘንጉን ለማወዛወዝ ይባክናል። ይባስ ብሎ ያለቀውን ቡሽንግ ጨርሶ ያፈርሰዋል፤ ዘንጉንም ሊያጣምም ይችላል። ስለዚህ ረዳት ጥራ። እሱ ከተቃራኒው ጎን አንድ ከባድ ብረት አንገቱ ላይ አጥብቆ ይደግፍልህ። ፒኑ የሚወጣበትን ቀዳዳ ግን እንዳይዘጋ፣ ከጎኑ ይያዝ። ሁለታችሁም የዓይን መከላከያ አድርጉ። ከዚያ ደህና መዶሻ ያዝና ጥቂት ጠንካራ ምት ምታ። ብዙ ቀላል ምት የፒኑን ጫፍ ከማስፋት በስተቀር የሚሠራው የለም። መሪውን አዙረህ መዶሻው በነፃነት የሚወናጨፍበት አቅጣጫ ምረጥ። አንዱ ጎን እምቢ ካለ በሌላው ጎን ሞክር፤ የመጀመሪያዋ ትንሽ እንቅስቃሴ ናት ዋናዋ።

ፒኑ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ አትደንግጥ። መሀሉ ክፍት መሆኑ ይጠቅምሃል፤ የትራፓኖው ቢት ራሱ ክፍቱን ተከትሎ ይገባል። ብረቱ ግን ጠንካራ ስለሆነ ተራ ቢት ይደንዝበታል። ኮባልት ቢት ይዘህ፣ በዝግታ እያዞርክ፣ ዘይት ጠብ እያደረግክበት ሂድ። ከፒኑ የውጭ ውፍረት ትንሽ የሚያንስ ቢት ነው የሚበጀው። ግድግዳው ሲሳሳ ፒኑ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይለቃል። ቀዳዳውን አታስፋ፤ አዲሱን ፒን የሚይዘው እሱ ነው።

ፒኑ ወጣ እንበል። አንዳንዴ መሪው እዚያው በእጅ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ሥራህ አልቋል። የአንተው ግን ከ40 ዓመት በላይ ሜዳ ላይ የኖረ ነው፤ ዘንጉም ዝጓል ብለሃል። ስለዚህ አሁን እውነተኛው የዝገት ሥራ ይጀመራል።

ብረት ሲዝግ ቦታው ይሰፋል፤ ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዘንጉና በእምብርቱ መካከል የነበረችው ፀጉር የማታሾልክ ክፍተት በዚህ ተሞልታ ተጨንቃለች። ቀጥ ያለ ዘንግ ስለሆነ ደግሞ ጭንቀቱ ከላይ እስከ ታች ነው። እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ይፈታል። የአንተው ሁለት ሚሊሜትር ከተነሳ በኋላም የቀረውን መንገድ ሁሉ እየተጣላህ ነው የምታወጣው። ይህን አስቀድመህ ካወቅክ ሥራው መሀል ላይ ተስፋ አትቆርጥም።

ዘይቱ በትክክለኛው ቦታ መግባት አለበት። አንተ ከላይ ስትረጭ ከነበረው ይልቅ አሁን የተሻለ በር ተከፍቶልሃል። የፒኑ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው መሀል ይወስዳል። መሪውን አዙረህ የቀዳዳውን አንድ ጫፍ ወደ ላይ አድርግ፤ የታችኛውን ጫፍ በቴፕ ድፈነው፤ ከላይ በስሪንጅ ዘይት ሙላበት። ከላይ በኩል ደግሞ ልጆች የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን በዘንጉ ጫፍ ዙሪያ ክብ አድርገህ ግድብ ሥራለት። ዘንጉ ዘንበል ያለ ስለሆነ ያለ ግድብ ዘይቱ ፈስሶ ዳሽቦርዱ ላይ ይቀራል። ግድቡ ውስጥ የሞላኸው ግን ሌሊቱን ሙሉ እየሰረገ ያድራል።

የትኛው ዘይት ለሚለው፣ ተራው ደብልዩ ዲ-40 ዋና ሥራው እርጥበት ማባረር ነው። ለቀላል ዝገት ይረዳል፤ ለእንዲህ ያለው ግን ለዝገት ማላቀቂያ ተብሎ የተሠራ ይሻላል። ፒቢ ብላስተር፣ ሊኩዊድ ሬንች፣ ክሮይል የሚባሉት የታወቁ ናቸው። አንዳንዱ መካኒክ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ደባልቆ ይጠቀማል። እሱም ይሠራል፤ ሆኖም አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ቀለምና ፕላስቲክም ይበላል። የመሪህን ፕላስቲክ ስለሚነካ ለአንተ አልመርጠውም። ጠዋትና ማታ ሙላበት። በሞላህ ቁጥር በትንሽ መዶሻ አንገቱን ዙሪያውን መታ መታ አድርገው። መምታቱ ለማውጣት አይደለም። ንዝረቱ ዝገቱን እያሰነጠቀ ለዘይቱ መንገድ ይከፍትለታል። አራት አምስት ቀን ስጠው። ትዕግሥት እዚህ ላይ በእውነት ሥራ ይሠራል።

ከዚያ ከመሳብህ በፊት አዙረው። ቀለበት ጣት ላይ ሲጠብቅ በሳሙና እያዞርክ ነው የምታወጣው እንጂ ቀጥ አድርገህ አትጎትተውም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ለማዞር የመሪው ስፋት ራሱ ጉልበት ይሰጥሃል፤ ለመሳብ ግን እንዲህ ያለ እርዳታ የለህም። ችግሩ ዘንጉ አብሮ እንዳይዞር መያዙ ነው። የፊት ጎማዎቹ ይይዙልኛል ብለህ እንዳትተማመን። ጉልበቱ በሙሉ ከታች ባሉት ጥርሶች ላይ ያርፋል፤ ጥርስ ቢሰበር ከመሪው የበለጠ ጣጣ ነው። ዘንጉን ከመሪው ሥር በወፍራም ቆዳ ጠቅልለህ በባይስ ግሪፕ (ተቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ) አጥብቀህ ያዝ። መሪውን ከክቡ ሳይሆን ወደ እምብርቱ ቀረብ ብለህ ክንዶቹ ላይ ያዝ፤ አሮጌ ፕላስቲክ ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ በትንሹ። «ቀጭ» የሚል ደረቅ ድምፅ ከሰማህና መሪው ዘንጉ ላይ ጥቂት ከዞረ አትቸኩል። ዘይት ጨምር፤ እያዞርክ ወደ ላይ ሳበው። ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይሸነፋሉ።

እምቢ ካለ ሙቀት። ሙቀት የሚሠራው እምብርቱን ከዘንጉ ቀድሞ ሲያሰፋው ነው። ዘንጉ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ማለትም 19 ሚሊሜትር ቢሆን፣ እምብርቱን በ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ብታሞቀው ቀዳዳው የሚሰፋው በሦስት መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ለዝገት ግን ብዙ ነው፤ ሲሰፋና ሲጠብብ ዝገቱ ይፈረካከሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ቀስ ብለህ ካሞቅሃቸው ግን አብረው ይሰፋሉ፤ ምንም አታተርፍም። ስለዚህ ሙቀቱ ፈጣን ይሁን፤ የሚያርፈውም የብረቱ አንገት ላይ ብቻ ይሁን። የዘንጉን ጫፍ አታሙቀው። እንዲያውም ጫፉ ላይ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለህ ብታስቀምጥ ይረዳል። ለኮምፒውተር አቧራ የሚሸጠውን መርጫ ገልብጠው የሚያቀዘቅዙበት ሰዎች አሉ፤ በውስጡ የሚገባው ጋዝ በአብዛኛው ተቀጣጣይ ነውና እሳት አጠገብ አታምጣው።

የመሪው ፕላስቲክ ከ100 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ሊለሰልስ ይችላል። መሪውን ማትረፍ ከፈለግክ በሂት ገን (ሙቅ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ጀምር፤ ክንዶቹን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍን። ፕሮፔን ቶርች የምታነሳው ሂት ገኑ ካልበቃ ነው፤ ያን ጊዜም ነበልባሉን በትንሹ አድርገህ፣ ከሥር፣ አንገቱን እየዞርክ። ከዚያ በፊት የረጨኸውን ዘይት ጥረግ። በተለይ ብሬክ ክሊነር (የፍሬን ማጽጃ) ተጠቅመህ ከሆነ በደንብ ይድረቅ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲቃጠል ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የጋራዡን በር ክፈት፤ እሳት ማጥፊያ እጅህ የሚደርስበት ቦታ አኑር። በሞቀበት ላይ ሻማ አስነካው። ሰሙ ቀልጦ ወደ ሙቁ ስንጥቅ ይሳባል፤ ሲገባ በዓይንህ ታየዋለህ። ከዚያ እንደገና ማዞር። ሙቀት፣ ሰም፣ ማዞር፤ ይቀዝቅዝ፤ እንደገና።

አሁን ነው የፑለር ተራ። መግዛት ግን አያስፈልግህም። አውቶዞንና ኦራይሊ የሚባሉት የመኪና ዕቃ መደብሮች መሣሪያ በመያዣ ያበድራሉ፤ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል። የመኪና መሪ ፑለር ይሰጡህ ይሆናል። እሱ መሪው ላይ ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ይፈልጋል፤ የአንተው መሪ ደግሞ የለውም። ክንዶቹን የሚቆነጥጠውን ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መንጋጋ ፑለር ደግሞ አትጠቀም፤ ክንዶቹ ይሰነጠቃሉ። ቤሪንግ ሴፓሬተር ከነፑለሩ ጠይቅ። እሱ ለሁለት የሚከፈል ወፍራም ብረት ነው፤ ከእምብርቱ ሥር ዘንጉን ከበህ ትገጥመዋለህ። ቦታው ጠባብ ሆኖ ካልገባ ከሩብ ኢንች ያላነሰ ጠፍጣፋ ብረት ላይ የዘንጉን ስፋት ያህል ክፍት ቦይ አስወጥተህ ተመሳሳይ ነገር መሥራት ትችላለህ።

የዚህ ጥቅሙ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በመዶሻ የዘንጉን ጫፍ ቁልቁል ብትመታ ምቱ ወርዶ ወርዶ ከታች ያሉትን ጥርሶችና መያዣቸውን ያገኛል። ፑለሩ ግን እምብርቱን ከሥር ይዞ ዘንጉን ከላይ ይገፋል፤ ጉልበቱ እዚያው በሁለቱ መካከል ይቀራል፤ ሌላ ቦታ አይነካም። የፑለሩን ብሎን አጥብቀው፤ ጠንከር ሲል አቁም። የብሎኑን ራስ አንዴ ጠንከር አድርገህ ምታው። አልተነሳም? እንደተወጠረ ተወው፤ ዘይቱንም ሙላበት፤ እራትህን ብላ። ስትመለስ ሩብ ዙር ጨምር፤ ምታው። ከነጭራሹ ሳትጠብቀው ጋራዡ ውስጥ «ጧ» ብሎ የሚለቅበት ጊዜ አለ። ቺያቬውን በቧንቧ አስረዝሞ መጫን ግን አይሁን፤ ሲሰበር ቁርጥራጩ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ዳዶ ያላችሁ ሰዎች፣ እናንተ ዳዶውን ጨርሳችሁ አታውጡት። ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን ፍቱትና እዚያው ተዉት። ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የዘንጉን ጥርስ ከምት ያድናል፤ መሪው ድንገት ሲለቅ ደግሞ ፊታችሁን እንዳይመታ ይይዘዋል። ዘንጋችሁ ወደ ላይ የሚቀጥን ከሆነ ፑለሩን ወጥራችሁ በመዶሻ አንድ ደረቅ ምት ይበቃው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ ከመቁረጥ በፊት አንድ መንገድ ይቀራል። ዘንጉ ከታች የሚፈታ ከሆነና ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ካለ መሪውን ከነዘንጉ አውጥተህ የሃይድሮሊክ ፕሬስ ያለው ወርክሾፕ ውሰደው። የአንተው ዘንግ የታችኛው ጫፉ ላይ ጥርስ ስላለው በጠባቡ የዳሽቦርድ ቀዳዳ ላያልፍ ይችላል። ከሥር ሆነህ ተመልክተህ ወስን።

መቁረጥ የግድ ከሆነ የሚሠዋው መሪው ነው፣ ዘንጉ አይደለም። አሮጌ መሪ ከተበላሸ ትራክተር ላይ ይገኛል፤ ሌላም ተስማሚ መሪ ተፈልጎ ይገጠማል። ደህና ዘንግ ግን መፈለግም መግጠምም ከባድ ነው። ክቡንና ክንዶቹን መቁረጥ ምንም አይፈይድልህም፤ የተጣበቀው እምብርቱ ነው። በሴጌቶ ወይም በትንሽ ግራይንደር እምብርቱን ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ሰንጥቀው። ዘንጉ ጋ ልትደርስ ስትል አቁም። ስንጥቁ ውስጥ ያለው ቀይ የዝገት መስመር ሲታይህ ደርሰሃል ማለት ነው። ከዚያ ስካርፔሎ ስንጥቁ ውስጥ አስገብተህ ምታ። እምብርቱ ይከፈታል፤ ጭንቀቱ ይለቃል፤ በእጅህ ታነሳዋለህ።

ከወጣ በኋላ ያለው ሥራ ደስ የሚል ነው። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳው፤ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ። የእምብርቱንም ውስጥ እንዲሁ። መሪው ያለ ምት፣ በእጅ ግፊት ብቻ ወርዶ ቦታው መድረስ አለበት። አዲሱን ቡሽንግ አስገባ፤ ግራሶ ቀባው። ዘንጉ ቡሽንጉ በሚያርፍበት ቦታ ተበልቶ ጎድጉዶ እንደሆነ በጣትህ ዳብስ። ተበልቶ ከሆነ አዲስ ቡሽንግ ብቻውን አይፈታውም፤ ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስደህ ማስሞላት ወይም ሌላ መፈለግ ነው።

ዘንጉን አንቲ ሲዝ (ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ የሚቀባ ቅባት) ቀባው። የኒኬሉም የመዳቡም ይሆናል። ተራ ግራሶ በጊዜ ይታጠባል፤ አንቲ ሲዝ ግን ለዓመታት ብረቱን ከብረቱ ይለያል። ፒኑ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን አትመልሰው። የቀዳዳውን ስፋት በካሊፐር ለክተህ በዚያው ልክ ግዛ። በፒኑ ፋንታ ብሎንና ዳዶ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እኔ አልወደውም። ብሎን ቀዳዳውን ሞልቶ አይጨነቅም፤ ትንሽ ክፍተት ይኖረዋል፤ መሪው በዞረ ቁጥር ቀዳዳውን እየበላ ያሰፋዋል። ቁልቁለት ላይ የሣር ትራክተር መሪ ቢለቅ ምን እንደሚሆን አስበው።

ስትጨርስ የፊቱን ጎማዎች በክሪክ አንሳና መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው። እየተንገዳገደ ሳይሆን እኩል መዞር አለበት። የቴፕ ምልክቶችህ መገናኘታቸውን እይ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት አጨዳዎች በኋላ ደግሞ ከመሪው ሥር እጅህን አግብተህ የፒኑን ሁለት ጫፎች ዳብስ። አንዱ ጫፍ ከአንገቱ ወጣ ብሎ ካገኘኸው ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ፒን በልኩ በተበሳ ቀዳዳ አስገባለት።